የሰው ፕሮፋይል ድራሹን የማጥፋት ጥበብ

እንኳን ደስ አለህ! የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ከዛሬ ጀምሮ በእጅህ ናቸው። በስድስት ወር ውስጥ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ስምህን እንዲያነሣ ከፈለግህ የሚከተሉትን ምክሮች አንዲት ሳታጎድል ፈጽም።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሮቹን ዶሜይን ውስጥ ስታስገባ ለማንም ትንፍሽ አትበል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ዊንዶውስ ግን ለስም ደንታ የለውም። ሰውን የሚያውቀው ኤስአይዲ በሚባል ረጅም ቁጥር ነው። ስለዚህ እስከ ትናንት በሎካል አካውንት ትገባ የነበረች የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዛሬ በዚያው ስም በዶሜይን አካውንት ስትገባ ለማሽኑ እንግዳ ናት። የስሟ ፎልደር ተይዟልና ከስሟ ኋላ ነጥብና የዶሜይኑን ስም ለጥፎ ሌላ ፎልደር ይከፍትላታል። ዴስክቶፑ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ ይሆናል። ደመወዝ ሊከፈል ሁለት ቀን ሲቀረው ብታደርገው ይመረጣል።

«አንተ ልጅ፣ ፔይሮሌ የት ገባ?» ትልሃለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

«እትዬ፣ ሲስተሙ ስለተቀየረ ነው።»

«እንግዲያው ደመወዝህንም ሲስተሙ ይክፈልህ!»

ፔይሮሉ እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ ውስጥ፣ በድሮው ፎልደሯ ተኝቷል። አንተ ግን ሆድህ ውስጥ ያዘው።

ሁለተኛ፣ «ዲስኩ ሞላ» ሲሉህ ዩዘርስ ፎልደር ውስጥ ግባና የማታውቀውን ስም ሁሉ በዲሊት ጠራርገው። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ከፍቶ፣ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ገብቶ፣ ከዩዘር ፕሮፋይልስ ዝርዝር መርጦ ማጥፋት የፈሪ ሥራ ነው። በዚያ በኩል ካጠፋኸው ሬጅስትሪው ውስጥ ፕሮፋይል ሊስት ላይ የሰፈረው መዝገብም አብሮ ይሰረዛል፤ ሰውየው ሲመለስ ንጹሕ ፕሮፋይል ይከፈትለታል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ። ፎልደሩን ብቻ ካጠፋህ ግን መዝገቡ «ቤት አለው» ይላል፣ ቤቱ የለም። ዊንዶውስም ግራ ሲገባው ብዙ ጊዜ ሰውየውን በጊዜያዊ ፕሮፋይል ያስተናግደዋል። ቀኑን ሙሉ ጽፎ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠው ሪፖርት፣ ማታ ሎግ ኦፍ ሲል እንደ ጤዛ ይረግፋል።

ሦስተኛ፣ ለሁሉም ሮሚንግ ፕሮፋይል ክፈትላቸው፤ የመጠን ገደብ ግን እንዳታስቀምጥ። በሮሚንግ የሰው ዴስክቶፕና ሰነድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲገባ ወደ ማሽኑ ይቀዳል፣ ሲወጣ የተለወጠው ይመለሳል። የልጁን ልደት ቪዲዮ 8 ጊጋባይት ዴስክቶፑ ላይ የደረደረ ባልደረባ፣ ገብቶበት በማያውቀው ማሽን ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ፓስወርዱን ሲመታ፣ በ100 ሜጋቢት መስመር ቢያንስ ከ10 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። ቡናውን ጠጥቶ ይመለስ። ሰነዶቹን ሰርቨሩ ላይ ትቶ መንገዱን ብቻ የሚያሳየው ፎልደር ሪዳይሬክሽን የሚባለው መላ ቡናውን ያስቀርበታል።

አራተኛ፣ የሁሉንም ማሽን የሎካል አድሚኒስትሬተር ፓስወርድ አንድ አድርገህ ሞኒተር ላይ ለጥፈው። ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ለየማሽኑ የተለያየ ፓስወርድ እያወጣ የሚቀያይር ላፕስ የሚባል መሣሪያ በነፃ አውጥቷል። አንተ ግን ነፃ ነገር አትመን። አንድ ማሽን የሰበረ ሌባ ለቀሪዎቹ ምን በወጣው ይደክማል?

አምስተኛ፣ ሠራተኛ አዲስ ኮምፒውተር ሲሰጠው ዴስክቶፑን ብቻ በፍላሽ ገልብጥለት። የብሮውዘሩ ቡክማርክና የፕሮግራሞቹ ቅንብር አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ አሉ። የሚፈለግ ነገር ቢሆን ማን ይደብቀው ነበር?

ይህን ሁሉ ለማድረግ ወኔው ከሌለህ ግን አሰልቺው መንገድ ይቀርሃል። ከመንካትህ በፊት ባለቤቱን ጠይቅ። ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥና ራሱ ከፍቶ እንዲያየው አድርግ። ከዚያ በኋላ በደንቡ አጥፋ። ስምህን የሚያነሣ አይኖርም። ደመወዝ ግን በቀኑ ይገባል፤ ያንተም ጭምር።