ተራራ በሻንጣ

ይህች አገር የጎደላትን ቁጠር ብትሉኝ እቆጥራለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ተራራ ግን ከዝርዝሩ አይገባም። ጎልማሳነቴን ሙሉ ቀያሽ ነበርኩ። ቴዎዶላይት በትከሻዬ፣ ቀይና ነጭ የተቀባው በትር በረዳቴ እጅ፣ ሽቅብ ስወጣ ቁልቁል ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያላመነ ጉልበቴን ይጠይቅ፤ ደረጃ ላይ እየተንቋቋ ይመሰክርለታል። አሁን በስተርጅና ጎሮ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ምን ብጠየቅ ጥሩ ነው? ከአሜሪካ በሻንጣ ከሚመጡት የፕላስቲክ ተራሮች የትኛው ይሻላል ተብዬ። ለኢትዮጵያ፣ ተራራ፣ በሻንጣ!

ጠያቂው የልጅ ልጄ ነው። ከአውራ ጣቴ የሚያንሱ ወታደሮችን ቀለም እየቀባ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋል፤ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር በሜትር እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይዋጋሉ። ጠረጴዛው የምንበላበት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል፤ የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ባለቤቴ የደም ግፊት መለኪያውንም ጫማውንም ቫይታሚኑንም ካስያዘች በኋላ የተረፈው ቦታ አንድ ካርቶን ብቻ ይይዛል። ያቺን አንድ ካርቶን ለመምረጥ ቤታችን ከጥምቀት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነው።

«ወታደሩ አለ፣ አባባ፤ የጎደለን አገሩ ነው» ይለኛል የልጅ ልጄ።

መጀመሪያ የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር፦ ተራራውን ተዉትና ካርታ ዘርጉ። ለሙያዬ አድልቼ አይደለም፣ ማስረጃ አለኝ። የዚህ ጨዋታ አባቶች ፕሩሲያኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1812 ሬይስቪትዝ የሚባል ባሮን ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ አንድ ግሩም ጠረጴዛ አበረከተ፤ ኮረብታው፣ ወንዙ፣ መንደሩ በየቁራጩ ተሠርቶ እንደፈለጉ እየነቀሉ የሚገጣጥሙት ነበር። ንጉሡ እጅግ ወደደው። ታዲያ በ1824 የባሮኑ ልጅ፣ እሱም የጦር መኮንን፣ ጨዋታውን ሲያሻሽል ምን አደረገ? ያን ሁሉ ኮረብታ ጠራርጎ አነሣና በ1 ለ8,000 የተነሣ ካርታ አነጠፈ። የፕሩሲያ መኮንኖች የሠለጠኑት በዚሁ በካርታው ነው። ይህን ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ አስረዳሁት። ልጁ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «አባባ፣ ካርታ ላይ እኮ መደበቅ አይቻልም» አለኝ።

አልዋሽም፣ እውነት አለው። እነሱ ጠላት ይታያል አይታይም የሚለውን የሚዳኙት ጎንበስ ብለው በወታደሯ ዓይን ትክክል በመመልከት ነው። ጠረጴዛው ሜዳ ከሆነ ረጅም ጠመንጃ ያለው ገና ከመጀመሪያው ጨርሷል። ኮረብታና ግንብ ሲኖር ነው አንዱ የሚሸሸገው፣ ሌላው የሚዞረው። ግን ለመዳኘት መጎንበስ ያስፈልጋል፤ እኔን ደግሞ ዳኛ አድርገውኛል። የወገቤን ነገር ማን ጠየቀኝ?

የእኛ ሰው ለዚህ ሁሉ ጣጣ መላ ነበረው። የጥንቱ ሰንጠረዥ፣ የኛው ቼዝ፣ በመስመር በተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ላይ የሚጫወቱት ነበር፤ አጣጥፈህ ብብትህ ውስጥ ትከተዋለህ። ደግሞም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይሉታል። ሻንጣ የለ፣ ኪሎ የለ፣ ቨርጂኒያ የለ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ልጁ የየካርቶኑን ፎቶ በስልኩ ሲያሳየኝ መጀመሪያ ደሜን ያፈላው ሚዛኑ ነው። ሚዛን ማለት ክፍልፋይ ነው፤ 1 ለ50,000 ካልክ ካርታው ላይ አንድ ሳንቲሜትር ያለው መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፣ ክርክር የለውም። እነዚህ ሰዎች ግን «28 ሚሊሜትር» ይላሉ። የምኑ? የወታደሩ ቁመት። ከየት እስከ የት? አንዱ ከእግር እስከ ዓይን ይላል፣ ሌላው እስከ አናት። ጭንቅላት እንደ አማራጭ የሚቆጠርበት ልኬት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ወደ ክፍልፋይ ሲመልሱት 1 ለ56 ገደማ ነው ይላሉ፤ «ገደማ» ብሎ የፈረመ ቀያሽ በኛ ጊዜ ደመወዙን ይቀጣ ነበር። ጣጣው ቤት ሲገዛ ይብሳል። ልጁ 1 ለ72 የተባለ ርካሽ ቤት አግኝቶ ሊያስመጣ ነበር፤ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። የሁለት ሜትር በር እዚያ ቤት ላይ 28 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የኛ ወታደር እስከ ዓይኑ ብቻ 28 ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የቆመበት ክብ ዝርግ አለ። ግንባሩን ከጉበኑ ጋር ሳያጋጭ አይገባም። ለባቡር መጫወቻ የሚሸጡት በ1 ለ87 የተሠሩት ቤቶችማ በራቸው ከአፍንጫው አያልፍም።

ከዚያ ፍርስራሾቹ መጡ። ዋርሃመር 40,000 የሚባል ጨዋታ አለ፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ስሙ እንደሚለው በሩቁ ዘመን፣ ሰው ከዋክብት ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሺህ ዓመት ቆይተው አንድ ጣሪያ ያለው ቤት የላቸውም! ሁሉም ፍርስራሽ ነው፤ ሁለት ግድግዳ በማዕዘን ተገጥሞ፣ ወለሉ ግማሹ ተንጠልጥሎ፣ በየመስኮቱ የራስ ቅል ተለጥፎ። ልጁ ምክንያቱን አስረዳኝ፤ ጣሪያና አራት ግድግዳ ካለ እጅ አይገባም፣ ወታደሩን ማንቀሳቀስ አይቻልም። ይሁን። ግን ለጎሮ ሰው ያላለቀ ሕንፃ በዶላር? መጋረጃውን ግለጡት፤ ከኛ መስኮት እስከ ሰሚት ድረስ አጠናው እንደታሰረ፣ ፌሮው ሰማይ እየወጋ፣ ብሎኬቱ ግማሽ ላይ ቆሞ በነፃ ይታያል። የራስ ቅሉ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም ሌሊት በሲኖትራክ ጩኸት የማይተኛው የኔ ራስ ይሞላዋል። የሚገርመው፣ የነዚያው እንግሊዞች ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዲዮድራንት ዕቃ ቆርጦ ታንክ መሥራትን ያስተምር ነበር። ያንን ሙያ የኛ ምናለሽ ተራ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ልጁ የፈለገው ግን ከዋክብትን ሳይሆን ዓድዋን ነው። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ከተከፈተ በኋላ እኔው ነኝ ይዤው የሄድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጦርነት አይጥመውም። እዚህ ላይ እኔም ጆሮዬን አቀናሁ። ዓድዋ ቀያሽ የሚያስፈልገው ጦርነት ነዋ! የኢጣሊያው ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ጦሩን ሲያንቀሳቅስ ለጄኔራሎቹ የሰጣቸው አንድ ንድፍ ካርታ ነበር። ንድፉ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔ በጨለማ ከዚያ ደርሶ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ሲሰማ ጉዞውን ቀጠለ፤ ከወገኑ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከምኒልክ ጦር ፊት ብቻውን ነጋበት። ይደግፈው ዘንድ የታዘዘው ዳቦርሚዳ ወደ ቀኝ ታጥፎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። አሪሞንዲ ራዮ ተራራ ጋ ቀረ። ሦስቱ በየሸለቆው ተለያይተው፣ አንዱ ለሌላው ሳይደርስለት፣ በየተራ ተመቱ። አንድ ደህና ቀያሽ ቢኖራቸው ኖሮ... ደግነቱ አልነበራቸውም።

እንግዲህ የዓድዋ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ዓይን የሚከልል ተራራ ነው። ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ኮረብታ የተገለበጠ ድፎ ዳቦ ይመስላል፤ ክብ፣ አረንጓዴ፣ ለሽርሽር የተመቸ፣ እንግሊዝ አገር በግ የሚጋጥበት። የዓድዋ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተረፉ ሹል ቋጥኞች ናቸው፤ ፍየል እንኳ አስባ ነው የምትወጣቸው። ልጁ «እንግዲያው በሚዛኑ ልክ እንሥራው» አለ። አሰላሁለት፤ ከሜዳው 500 ሜትር ከፍ የሚል ተራራ በ1 ለ56 ዘጠኝ ሜትር ሊሆን ነው። ከምድር ቤት ጀምሮ ሦስት ጎረቤት ማስፈቀድ አለብን።

ከታች ያሉት ጎረቤታችን አዲስ ፍሪጅ አስገብተው ነጩን ፎም ደጅ ሲጥሉት ልጁ አየው። ሳሎን ውስጥ በቢላ ሲጠርበው ዋለ፤ እያንዳንዷ ነጭ ፍሬ እየበረረች ከሶፋው፣ ከመጋረጃው፣ ከባለቤቴ ነጠላ ላይ ተለጠፈች፤ ብትጠርጋት ወደ መጥረጊያው ትዘላለች። ተራራው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አማረ። ሹል ነበር፣ ገደል ነበረው፣ የዓድዋውን የሰማያታ ተራራ መሰለኝ። ከዚያ መኪና የሚቀባበትን ስፕሬይ ከጓደኛው ተውሶ በረንዳ ላይ ነፋበት። ዓይናችን እያየ ተራራው ቆዳው ተሸበሸበ፣ ተቦረቦረ፣ ቀስ እያለ ሟሸሸ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቀለሙን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ፎምን ይበላል፤ መጀመሪያ ኮላ በጀሶ ለውሶ ማልበስ፣ ከዚያ የውሃ ቀለም በብሩሽ መቀባት ነበረበት። «ዓድዋ ላይ ተራራው ነው ያሸነፈው፤ ያንተ ግን ለአንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ እጁን ሰጠ» አልኩት። አልሳቀም።

ስለዚህ ተራራውን ከጎሮ፣ ቤቱን ከቨርጂኒያ ብለን ወሰንን። ፎም፣ ጀሶና ሰጋቱራ እዚሁ ሞልቷል፤ ሰጋቱራውን አረንጓዴ ቀለም ነክረህ ስታደርቀው ሣር ነው። ከውጭ መምጣት ያለበት እዚህ በቢላ የማይወጣው፣ ጠርዙ የቀናው፣ በርና መስኮቱ የተስተካከለው ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ ለሻንጣ ይመቻል፤ ክፍሎቹ ፍሬም ላይ ተያይዘው ጠፍጣፋ ሆነው ስለሚታሸጉ ክብደትም ቦታም አይፈጁም። ማጣበቂያውም የራሱ ነው፤ ሁለቱን ጠርዝ በጥቂቱ አሟምቶ አንድ ያደርጋቸዋል።

ከሁሉ የመረጥኩት ሬኔድራ የሚባል የእንግሊዝ ፋብሪካ የሚያወጣውን የጭቃ ጡብ ቤት ነው። ለበረሃ አገር የታሰበ ነው፤ ለኔ ግን ዝርግ ጣሪያውን ሳይ የትግራይ ህድሞ ታየኝ። የጎደለው ድንጋዩ ነው። ከሰፈር ግንባታ ጥግ የጠጠር ብናኝ በወንፊት ነፍተህ፣ ግድግዳውን ኮላ ቀብተህ ትነሰንስበታለህ። ጣሪያውን ሳታጣብቅ ትተወዋለህ፣ እጅ እንዲገባ። ወንፊቱ የባለቤቴ መሆኑን ልጁ እንዳይነግርብኝ አስምዬዋለሁ።

ትዕዛዙ ትናንት ማታ ተላከ። ጦሩም ተከፋፈለ፤ ጓደኞቹ ራስ አሉላንና ራስ መኮንንን ተሻሙ፣ ምኒልክን ራሱ ወሰደ። «እርስዎ ባራቲዬሪን ይሁኑልን፣ አባባ» አለኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል» ብሎ በእርሳስ የተነሣ ንድፍ ዘረጋልኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ሰሜን ጠቋሚ የለውም። ኪዳነ ምሕረት አለቦታዋ ተቀምጣለች። «ሚዛኑስ የታል?» አልኩት።

«28 ሚሊሜትር» አለኝ።