ሕግ ጠባቂ ቤተሰብ በርካሽ ሐይቅ ዳር ስለሚያርፍበት ዘዴ፤ ከሻኪሶ የተነሣ ጥናት

በውጭ አገር የሚኖር ሕግ ጠባቂ የአይሁድ ቤተሰብ ወደ ሞቃት ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አሸዋው አይደለም፤ ስለ ድስቱ ነው። ከብቱ በማን እጅ ታረደ? ሥጋና ወተት በአንድ ዕቃ ተሠርተው ይሆን? ዓሣው ክንፍና ቅርፊት አለው ወይ? ይህን ሁሉ ያለፈ ምግብ «ኮሸር» ይባላል። ወጥ ቤት እየፈተሹ ማኅተም የሚሰጡ ተቋማትም አሉ፤ ማኅተሙም፣ ፈታሹም፣ ልዩ ወጥ ቤት ያለው ሆቴልም ገንዘብ ያስወጣሉ። ስለዚህ በርካሽ ማረፍና ሕግ መጠበቅ እንደማይገናኙ ተደርጎ ይታሰባል። ይህ ጥናት ግን ችግሩ በጉጂዋ ከተማ በሻኪሶ ከተፈታ እንደቆየ ለማስረዳት ይሞክራል። መፍትሔው አክስት ትባላለች።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። የጂኦግራፊ መጻሕፍት ከምድር ወገብ በስተሰሜንም በስተደቡብም እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ ያለውን ምድር ሁሉ የሐሩር ክልል ይሉታል። ሻኪሶ ከ6ኛው ዲግሪ በታች ትገኛለች፤ ሐዋሳ ደግሞ 7ኛው ላይ። እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ የሻኪሶ ቤተሰብ ከሐሩሩ እምብርት እየራቀ ነው ማለት ነው። «ሞቃት» የሚለው ቅጽል ከቤት ሳይወጣ የተሟላለት ስለሆነ የጎደለው «ዳርቻ» ብቻ ነው። አገሪቱ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ስለሌላት ዳርቻው የሐይቅ ይሆናል። መንገዱ ክብረ መንግሥትን አልፎ በቦሬ በኩል ያቀናል። ቦሬ ጉም የማይለያት ደጋ ናት፤ ወደ ሐሩር ዳርቻ የሚወርደው መንገደኛም እዚያ ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። ከሐይቁ ሲደርስ ደግሞ ውኃው ውስጥ ጉማሬ አለ። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ዳርቻ ላይ አብዛኛው ሰው አይዋኝም፤ ውኃውን እያየ ይንሸራሸራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ደፈር ያለው ጀልባ ይሳፈራል። ይህ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም፤ የዋና ልብስ ወጪ ከበጀቱ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ስለ ጊዜው። ትምህርት ቤት በክረምት ይዘጋልና ለዕረፍት የቀረው ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ነው፤ በአብዛኛው ዓመት በድምሩ 65 ቀን። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከዚህ ላይ የጾም ቀናትን ይቀንሳል። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ 4 ቀን ይወጣል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ይወስዳል። በቀሩት ቀናት ውስጥ ያሉት ረቡዕና ዓርቦች እንደየዓመቱ ከ12 እስከ 14 ይደርሳሉ። ሲደመር ከ31 እስከ 33 ቀን ይሆናል። ልጆች ከትምህርት ነጻ ከሚሆኑበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤም ነጻ ነው ማለት ነው። ከሐምሌ 5 እስከ ወሩ መጨረሻ ያሉት 26 ቀናት ሰፊ ክፍተት ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ሐዋሳ ላይ የዝናብ ወቅት ነው። ከፍልሰታ መፈታት በኋላ ያለውን ጊዜ ደግሞ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይጠብቀዋል። አይሁዳዊው ቤተሰብ ቦታ መርጦ ምግብ ይፈልጋል፤ የእኛው ደግሞ ምግቡን ከቀን ጋር ካላስማማ ቦታ አይመርጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ሥጋው ነው። ሻኪሶ በወርቅና በቡና ዙሪያ ያደገች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አንድ ዕድር ውስጥ ይገኛሉ፤ አንዳንዴም በጋብቻ አንድ ቤት ውስጥ። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ግን በአንድ ድስት አይገናኙም። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል፤ በሬው አንድ፣ ቢላዋው አንድ፣ ልዩነቱ በአራጁ አፍ ላይ ያለው ቃል ነውና። ኮሸር የሚበላው አይሁዳዊ ግን ነገሩን ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል። በጉጂና በቦረና ምድር የእርድ ነገር ከዚህም ይሰፋል፤ የቡናው ፍሬ ጫፉ እየተነከሰ በቅቤ ሲጠበስ «ቡና ቀላ» ይባላል፤ በኦሮምኛ «ቀላ» ማረድ ነው። ከሚታረዱት ሁሉ «ማን አረደው?» ተብሎ የማይጠየቅለት ቡናው ብቻ ይመስላል። እሱም ቢሆን ቅቤ ስላለበት ረቡዕ ቀን አይቀመስም።

የሐይቅ ዳር ጥቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ አይታረድም። በአይሁድም፣ በእስልምናም፣ በክርስትናም ሕግ ዓሣ በቢላዋና በጸሎት እንዲሞት አይጠየቅም፤ ከውኃ መውጣቱ ይበቃዋል። በላም ጉዳይ የማይስማሙ ሦስት ሃይማኖቶች በዓሣ ተስማምተዋል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ባለሥልጣን ወዲያ ወዲህ እያለ፣ የተለያየ እምነት ያለው ሰው ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ ዓሣ ጥብስ ሲበላ ማየት የተለመደ የሆነው ለዚህ ነው። ሆኖም ስምምነቱ ቀዳዳ አለው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ስለሚከለክል ቆሮሶ ያልፋል፣ ቅርፊት የሌለው አምባዛ ይወድቃል፤ ሁለቱም ግን ከአንድ ሐይቅ ወጥተው አንድ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ደግሞ ጥብሱ ከቀረበ በኋላ ይነሣል፤ የሚቋጨውም ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። በመጨረሻም መጥበሻው አለ። ዓሣው ሃይማኖት ባይኖረውም ትናንት በዚያ ዘይት ምን እንደተጠበሰ የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው።

ስለ መጥበሻው ቃሏ የሚታመን አንዲት ሴት ናት። አክስት ሐዋሳ ላይ ወጥ ቤት አላት፤ የዚህ ወጥ ቤት ታሪክ በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ሦስት ትውልድ ድረስ ይታወቃል። የጾምና የፍስክ ድስቷ ለየብቻ ነው፤ ሥጋ የምትገዛበትን ቤት ታውቃለች፤ ቀኑን የምትቆጥረው ከግድግዳ ካላንደር ሳይሆን በልቧ ነው። የውጭው ተቋም በማኅተም የሚያረጋግጠውን እሷ «ብላ፣ ምንም የለበትም» በሚል አጭር ቃል ታረጋግጣለች። ዋጋውንም እንይ። አልጋው ምንጣፍ ላይ በሚዘረጋ ፍራሽ ስለሚተካ ኪራይ የለውም። ለመንገድ በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይያዛል፤ ጭኮ ግን ቅቤ ስላለበት ቀኑ ታይቶ ነው። አውቶቡስ ላይ ታቅፎ የሚሄድ ልጅ አይከፈልበትም፤ የሰባት ዓመት ልጅ መናኸሪያ ሲደርስ አራት ዓመት ሆኖ የሚገኘው በዚህ የኢኮኖሚ ሕግ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ይህ ዘመድ ጥየቃ እንጂ ዕረፍት አይደለም የሚል ነው። እናት ሻኪሶ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራ ሐዋሳ ላይም ሽንኩርት ከከተፈች ምኑን አረፈች? ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ሊባል የሚችለው ሐዋሳ ላይ ሽንኩርቱ የሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የጾም በያይነቱ በየሆቴሉ እያለ አክስትን ማስቸገር ለምን ይላል። በያይነቱ በእርግጥ ይህች አገር ለሕግ ጠባቂ መንገደኛ ያበረከተችው ታላቅ ግኝት ነው፤ አምስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን በቀን ሦስት ጊዜ በሆቴል ልብላ ቢል ከሐዋሳ የሚመለሰው ተበድሮ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ የአክስት ቤት ርካሽ አይደለም ይላል። ባዶ እጅ አይገባምና ቡና፣ ማርና ቅቤ ከጉጂ ይጫናል፤ ለልጆቿ ብር ይሰጣል፤ ስኳርና ሙዝ በየመንገዱ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ግን ተደምሮ የአንድ ሳምንት የሆቴል ሒሳብ አይሞላም። ስለዚህ ተቃውሞው ውድቅ ተደርጎ ጥናቱ እዚህ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ያልተዘጋው አንድ ወጪ ሳይመዘገብ ስለቀረ ነው። አክስትም ልጆች አሏት፤ እሷም ከሐይቅ ዳር ኑሮ ማረፍ ያምራታል፤ የሻኪሶውን ወጥ ቤትም ከማንም በላይ ታምነዋለች። የሆቴል ሒሳብ የሚከፈለው በመውጫው ቀን ነው። የአክስት ሒሳብ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ሲሆን፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከነሻንጣው፣ አራት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሁሉ አስከትሎ ነው።