ከሶፋው እስከ ሽንኩርቱ

«ሃሎ ጋሼ፣ ከሪል እስቴት ነው የምንደውለው።» ስልካችንን ከየት እንዳገኙት አይነግሩንም፤ ስማችንን ግን እስከ አባታችን ያውቁታል። ቦሌ፣ ከኤርፖርት 5 ደቂቃ፣ ቅንጡ ባለ አንድ መኝታ፣ የቀሩት ጥቂት ናቸው። አምናም የቀሩት ጥቂት ነበሩ። አምስት ደቂቃዋም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ካልሆነች ለማን እንደሆነች እንጃ።

ዋጋውስ? «ቢሮ ብቅ ይበሉና ቡና እየጠጣን እናወራለን።» ማስታወቂያውም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ገንዳው፣ ጂሙ፣ ገና ያልተተከለው ዛፍ ሳይቀር በኮምፒውተር ተስሎ በአደባባይ ይታያል፤ የሚደበቀው ዋጋው ብቻ ነው።

ሄደን ስንጠይቅ 75 ካሬ ይሉናል። ደረጃውም፣ ኮሪደሩም፣ ሊፍቱ የሚወርድበት ጉድጓድም እዚያው ውስጥ ነው፤ «የጋራ» ተብሎ ለየቤቱ ተከፋፍሎ በካሬ ሒሳብ ይከፈልበታል። ሜትር ይዞ ገብቶ ውስጡን የለካ ሰው 60 ካገኘ ዕድለኛ ነው። መኪና ማቆሚያው ለብቻው ይሸጣል።

እኔን ግን እንደ ወጥ ቤቱ የሚያበሽቀኝ የለም። «ኦፕን ኪችን» ነው፣ ከሶፋው ሁለት እርምጃ። ይህን የነደፈ ሰው ዶሮ ወጥ ሲሠራ አይቶ ያውቃል? ሽንኩርቱ ሲቁላላ ያረፍዳል፣ በርበሬው ይገባል፣ ሽታው መጋረጃውም ኮቱም አልጋውም ላይ ሰፍሮ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንኳ አይለቅም። የምጣድ ቦታ የቱ ጋ ነው ብንላት የሽያጭ ልጅቷ ፈገግ ብላ «እንጀራ እኮ አሁን ይገዛል» አለችን። የእሷ እናት ይጋግራሉ ብዬ እወራረዳለሁ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ አጎትስ የት ይተኛል? ሶፋው ላይ፣ ከሽንኩርቱ ጋር።

በ2005 ለመንግሥት የ40/60 ቤት ተመዝግቦ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቀው ጎረቤቴም ይደወልለታል። ጨዋ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ያዳምጣቸዋል።

እህታችን ግን ገዛች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሥራ እየሠራች ነው የምትከፍለው። ውሉ በብር ስለነበር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ለአንድ ሰሞን ቀንቷት ነበር። ወዲያው «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል ደብዳቤ መጣላት፤ ሴራሚኩም ሊፍቱም ከውጭ ነው የሚገባው ተባለ። ይህ ሲፈራረሙ አይታወቅም ነበር?

የርክክቡ ቀን ካለፈ ቆየ። እኔ በየወሩ ሄጄ የሕንፃውን ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ያለፈውን ወር ፎቶ ደግሜ ብልክላትም ልዩነቱን አታውቀውም፤ ጥበቃው ብቻ ነው የተቀየረው።