ብርድን ስለ መሸመት

ከመተማ ሐሩር ሸሽቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ፣ በእንጨት ጎጆ አድሮ ብርድ ለመቅመስ ገንዘብ መክፈሉ፣ ያንኑ ብርድ ለሚያባርርለት ማገዶም ለብቻ መጨመሩ እጅግ የረቀቀ ጥበብ ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ በታቦር ተራራ ሦስት ዳስ እንሥራ ሲል የአዳሩን ዋጋ መተመን ዘንግቶ ነበር። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ ሥር፣ ገብሱን ውርጭ የመታበት፣ ጭስ በጠገበ ቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ከጥጆቹ ጋር የሚያድረው ባላገር ግን፣ ይህን ሁሉ ተድላ ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ያለ አንዳች ክፍያ ሲቀማጠልበት ኖሯልና፣ ፍትሕ ርትዕ ይጸና ዘንድ የሰባት ትውልድ የመዝናኛ ውዝፍ ሊጠየቅ ይገባዋል። መክፈል ቢሳነው ጋቢው በመያዣነት ይወሰድ፤ ብርዱንም ያን ጊዜ በሙሉ ጣዕሙ ያገኘዋል።