እሳቸው ወይስ እሱ? ደራሲውን እየረገሙ መጽሐፉን ስለሚወዱ ሰዎች የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በአንድ ሳሎን፣ በአንድ የመጽሐፍ መደርደሪያና በአንድ የአሮጌ መጽሐፍ አዟሪ ፊት ነው። «ናሙናው አነሰ» የሚል ተቺ አይጠፋም። ሳሎኑ ውስጥ የሆነውን ቢያይ ግን ሌላ ናሙና ባልፈለገ ነበር። የጥናቱ ጥያቄ አጭር ነው፦ ሰው ደራሲውን «ባንዳ» እያለ መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ የሚያነበው በምን ዘዴ ነው?

ለጥናቱ የተመረጡት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በሕይወት ያለ ወይም በቅርቡ ያረፈ አወዛጋቢ ደራሲ ለምን አልተመረጠም ለሚል፣ የእነዚያ ስም ገና ሲጠራ ጥናቱ ጥናትነቱ ቀርቶ ጠብ ይሆናል። የአፈወርቅ ጠብ ቀዝቅዟል፤ በእጅ ቢነኩትም አያቃጥልም።

የሕይወት ታሪካቸው ባጭሩ ይህ ነው። ጣና ዳር፣ ዘጌ ተወለዱ። ሥዕል ሊማሩ ጣሊያን ተሻግረው ቱሪን ገቡ። በዓድዋ ጦርነት ዋዜማ፣ ለትምህርት ስዊዘርላንድ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ ጣሊያን ወገን አለፉ። ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማሩ፤ ለጣሊያኖች የአማርኛ ሰዋስው ጻፉ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው ነው። በዓመቱ ደግሞ ጥለዋቸው የሄዱትን ንጉሥ የሚያወድስ «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። የዘመናቸው ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን መጽሐፍ ሙገሳ አበዛ ብለው ተቹት። (ሰውየው ንጉሡን በመክዳታቸውም፣ ንጉሡን አብዝተው በማመስገናቸውም ተወቅሰዋል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ለሁለቱም ወገን የሚመች ተወቃሽ በቀላሉ አይገኝም።) ታርቀው አገር ቤት ገቡ፣ ተሾሙ፣ ሮም ላይም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆኑ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ግን አደረለት። «አፈ ቄሣር» የሚል ሹመት ተቀበለ። ነጻነት ሲመለስ ተፈረደበትና ጅማ በግዞት ሳለ ሞተ።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ፣ ከላይ ባለው አንቀጽ ሰውየው በአንቱታ ተወልደው በአንተታ ሞተዋል። ይህ የአራሚ ስሕተት አይደለም፤ የጥናቱ ዋና ግኝት ነው።

ግኝቱ በመጀመሪያ የታየው በአክስቴ ባል ላይ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አባታቸው አርበኛ ነበሩ፤ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ጠመንጃቸውን ተደግፈው የተነሡት ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ከቡና በፊት አፈወርቅ ምናቸውም አይደለም። አቦል ሲቀዳ «አማርኛውንኮ እንደ ድር ነው የፈተሉት! እስቲ ከሳቸው በፊት ማን እንዲህ ጻፈ?» ይላሉ። ቶና ላይ «ምን ዋጋ አለው፤ ሸጠን እኮ» ይከተላል። በረካ ላይ ሲደረስ ነጋድራሱ «ያ ሰውዬ» ሆነዋል። አንድ ቀን እንዲያውም ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ወጡ፤ «እሳቸው የጻፉትን ያህል እሱ ባይከዳን ኖሮ» አሉ ጋሼ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን የሚያነጻጽሩ ይመስል። አክስቴ ረከቦቱን እያነሳች «ስንት ናቸው ሰዎቹ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አላገኘችም።

እዚህ ላይ ሌላ አገር ምን ይደረጋል የሚለውን ማየት ደንብ ነው። ኖርዌያዊው ክኑት ሃምሱን እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ1943 ሜዳሊያውን ለናዚው ጎብልስ ሰጠ፤ ሂትለር ሲሞት ደግሞ ጋዜጣ ላይ የሐዘን ጽሑፍ ጻፈለት። ኖርዌያውያን እስከ ዛሬ ያነቡታል። ችግራቸው ስለ ሩቅ ሰው የሚያወሩበት አንቱታ በቋንቋቸው የሌለ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ አድናቆትና ያን ሁሉ ቂም በአንዲት ተውላጠ ስም ብቻ ተሸክመው መኖር አለባቸው። እኛ እግዜር ይመስገን ሁለት ተሰጥቶናል።

ሁለተኛው ዘዴ ልባጥ ነው። የጋሼ «ጦቢያ» በባንክ የግድግዳ ካሌንደር ተለብጧል። መደርደሪያው ላይ ከአንድ የእርሻ መጽሐፍ ኋላ ስለሚቀመጥ አጥኚው ያገኘው በአጋጣሚ ነው። ለልባጥ የተቀደደው ገጽ የየካቲት ነው። ጀርባው ላይ 23 ቁጥር በቀይ ይታያል፤ የዓድዋ ድል በዓል። ጋሼ ሆን ብለው ይህን ገጽ መምረጣቸውን ጠየቅኋቸው። «ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ነው» አሉኝ። ሲያነቡም ወንበሩን ያዞሩታል፤ ጀርባቸው ለፎቶው፣ ፊታቸው ለመስኮቱ ይሆናል። «ብርሃን ፍለጋ» ነው ይላሉ። በእርግጥ መስኮቱ ብርሃን አለው፤ አምፖሉ ግን ከፎቶው በላይ ነው።

መጽሐፉ ለዚህ ሁሉ ሽሸጋ የተፈጠረ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ባለታሪኳ ጦቢያ ራሷ ወንድ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው ከአባቷ ጋር አገር ላገር የምትዞረው። ልብሷን አይቶ ሰው ይሳሳታል፤ ወንድ መስላት የምትወዳትም አለች። ካሌንደር ለብሶ ከእርሻ መጽሐፍ ኋላ የተቀመጠ ቅጂ ከታሪኩ ፈቀቅ አላለም።

ሦስተኛው ዘዴ የሥነ ምግባር ነው። አዟሪው ዘንድ ሁለት ቅጂ ነበር፤ አንዱ የታተመ፣ ሌላው ፎቶ ኮፒ። አንድ ወጣት ፎቶ ኮፒውን መረጠ። ለምን ሲባል «ለባንዳማ ብር አላስገባም» አለ። ባንዳው ከሞተ ከሰባ ዓመት በላይ እንደሆነው አዟሪው ሊነግረው ሲል ተወው፤ ፎቶ ኮፒው የእሱ ሥራ ነው። ለእኔ ደግሞ ስሜቴን ከፊቴ አንብቦ፣ «ይሄኮ ባንዳው የጻፈው ነው!» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና የታተመው ላይ ሃምሳ ብር ጨመረበት። የአገር ክሕደት ለአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ ያለው አስተዋጽኦ በኢኮኖሚስቶች ገና አልተጠናም።

ትምህርት ቤትም ከዚህ ጥናት ነጻ አይደለም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ጻፈ ተብሎ ስንት ጊዜ ተፈትነናል? መልሱን አፈወርቅ ብለን አክብበን ነጥብ ወስደናል። በ1928 ምን ሠሩ የሚል ጥያቄ የሚመጣው በታሪክ ፈተና ነው፤ ያውም ከመጣ። ሥነ ጽሑፉ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ታሪኩ በሌላው። በመካከሉ ደወል አለ፤ እሳቸው ወጥተው እሱ የሚገባው ደወሉ ሲደወል ነው።

ጋሼን ግን በደወል ማዳን አልተቻለም፣ ሁለቱንም ትምህርት የሚያውቁ ናቸውና። ባለፈው እሑድ ቆርጠው ተነሡ። ከእንግዲህ የዚያን ሰውዬ ነገር ቤቴ አላስገባም፣ ስሙንም አልጠራም አሉ። መጽሐፉን አንሥተው ለእኔ ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከመስጠታቸው በፊት አንዲት ቦታ ላሳይህ ብለው ገለጡ፣ ቆመው አነበቡ፣ ከዚያ ተቀመጡ፣ ወንበሩንም አዞሩ። እጄን ዘርግቼ ትንሽ ቆየሁና ሰበሰብኩት።

ለጥናቱ ሲባል መመዝገብ ያለበት አንድ ነገር አለ። የድርሰቱን ዘርፍ ዛሬ ሁላችን «ልብ ወለድ» የምንለው ከዚያ የሮም ሽፋን ወስደን ነው። ሰውየውን የረገመም ያወደሰም፣ የፍቅርም የወንጀልም ታሪክ የጻፈ፣ ቃሉን ከእሳቸው ሳይበደር አያልፍም።

አክስቴ ከጓዳ ተጣራች። «አንተ ሰውዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ! ምንድነው የምታነበው?»

ጋሼ የካቲትን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ። «ምንም» አሉ። «ልብ ወለድ ነው።»