ሞተር ላይ ሁሉም ሐኪም ነው

ሰቆጣ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ብቻውን አይቆምም። ባለሱቁ ሚዛኑን ጥሎ ይመጣል፤ ገበያተኛው አህያውን እየጎተተ ይመጣል፤ ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ የማያውቀው ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ፖምፓው ነው» ብሎ ይፈርዳል። የአክስቴ ልጅ ከጨረታ ለገዛው ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ቱርቦ ሊያስገጥምለት ነው የተባለ ዕለትማ ስንቱ እንደተሰበሰበ አትጠይቁኝ።

ሐሳቡ እንኳ የቅብጠት አልነበረም። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም። ባሕር ጠረፍ ላይ (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት) 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ግን አየሩ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ከፈረሶቹ ሃያ አምስት ያህሉ ዳገቱን ሳያዩት ቀሩ ማለት ነው። ጭነት ይዞ ከአላማጣ ወደ ኮረም የግራካሱን ዳገት የወጣ ሰው የቀሩትን ፈረሶች በስም እየጠራ ሲረግም ይሰማል።

ቱርቦ ሥራው ቀላል ነው፤ በከንቱ ሊወጣ የነበረውን ጭስ አንድ መዘውር እንዲያዞር ያስገድደውና በዚያው ኃይል አየር አፍኖ ሲሊንደሩን ይግተዋል። ምስክሩም ተራራ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1918 የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ 4,300 ሜትር ግድም ያለው የፓይክስ ፒክ አናት ላይ ወጣ። እታች 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ ወደ 230 ወርዶ ተገኘ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሰውዬው ወደኛ ቢመጣ ኖሮ ተከዜን አሻግረን ከዚያ የሚበልጥ ተራራ እናሳየው ነበር።

ወደ ሐኪሞቹ ልመለስ። ቅጥቅጥ አይሱዙ የሚነዳው ጎረቤታችን፣ ለእሱ ቱርቦ ማለት ድምፅ ነው። «ፊሽሽ ካላለ ምን ቱርቦ አለ?» አለ፤ ትልቁን ካልገጠማችሁ ብሎም ድርቅ አለ። ከወልድያ የመጣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና አሳየን። «ናፍጣውን ክፈትለት፣ ማርሚታውን አውጣለት፣ አለቀ!» ጥቁር ጭስ እኮ አየር አጥቶ በቅጡ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ወረፋ ተሰልፈን በጀሪካን የቀዳነውን ነዳጅ ለሰማይ መገበር እንደ ጉልበት የሚቆጠረው በምን ሒሳብ እንደሆነ እሱ ያውቃል። አክስቴ ጸበል ይረጭለት አለች።

ሽማግሌው መካኒክ ይህን ሁሉ ሰምተው እንዳልሰሙ የራዲያተሩን ክዳን ፈቱ። ጣታቸውን ከተው ሲያወጡት ጭቃ መሰለ፤ የጠላ አተላ የመሰለ ዝገት እስከ አንጓቸው ተለጥፏል። የአየር ፊልትሮውን ድንጋይ ላይ መታ መታ ሲያደርጉት የአበርገሌ አቧራ እግራችን ሥር ተከመረ።

«ጋሼ፣ ቱርቦውስ?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ይደርሳል። ይሄ ሞተር ድሮም አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ጨምቆ ነው የሚያነደው። በላዩ ላይ የምትጨምርበት ትንሽ ነው፤ ከግማሽ ባር አትለፍ።»

«ባልፍስ?»

«ቴስታታው በቫልቮቹ መሀል ይሰነጠቅልሃል። እኔም በምትከፍለኝ ልጄን እድራለሁ።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ለጆሮ የሚጥም አልነበረም። መጀመሪያ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ፤ ፋሻው ያለቀ ሞተር ላይ ቱርቦ መጫን ትርፉ ዘይት መጠጣት ነው። ራዲያተሩ ይቀየር። የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ጋቢና ውስጥ ይገባ፤ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግር ከነዳጁ ላይ ይነሳ። ቱርቦው ከትንሹ ይመረጥ፤ ትንሹ ቶሎ ስለሚነሳ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ዙር ይደርሳል፣ ትልቁ ግን የሚነቃው ዳገቱ ካለቀ ነው። የታመቀው አየር ስለሚግል ማቀዝቀዣ ይጨመርለት። ፍሪሲዮኑም ይታሰብበት፤ አዲሱን ጉልበት የሚችለው እሱ ነው። ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር የሚኖረው በዘይት ነው። ዳገት ወጥቶ እንደቆመም ሞተሩ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይጠፋ ይንፈስበት።

«ሁለት ደቂቃ ሙሉ ናፍጣ እያቃጠልኩ ልቆም?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ቡና ስትጠጣስ ሁለት ሰዓት ትቆም የለ!»

ሕዝቡ ራዲያተር የሚለውን ቃል ሲሰማ መበታተን ጀመረ። ራዲያተር አያፏጭ፣ አያጨስ፤ ማን ይቆምለታል? ባለ አይሱዙው ጎረቤታችንም ገንዘብህን ቆሻሻ ውኃ ላይ አፈሰስከው ብሎ ሄደ። እኔ ግን ከመካኒኩ ጋር ነኝ፤ ጉልበት በአንድ ቀን ይገጠማል፣ ሙቀቱን የሚችል ሞተር ማዘጋጀት ነው ጊዜ የሚፈጀው።

ገንዘቡ እንደተፈራው ራዲያተሩና መለኪያው ላይ አለቀ፤ ቱርቦው ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጠረ። ላንድክሩዘሩ አሁንም ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያዘገመ ይወጣል፤ ውኃ ግን አያፈላም። ፊሽሽታውን ስላጣ የተከፋው የመኪናው ረዳት ብቻ ነው። እሱም ሰው በበዛበት ባለፉ ቁጥር በመስኮት ብቅ ብሎ በአፉ ያፏጫል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ መንገደኛ ይህንን ሰምቶ ቱርቦውን በስንት እንዳስገጠምነው ጠየቀን።