ኬላው ይቀርጣል፤ የሚያክመው ማን ነው?

ሆሳዕና መናኸሪያ ገና ሳይነጋ አፉን ይፈታል። በወዲህ በኩል «ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ አዲስ አባ!»፣ በወዲያ በኩል «ዱራሜ! ዱራሜ ሁለት ሰው!» ይላሉ። እዚህ ግቢ ውስጥ ቃል መሬት አይወድቅም። ረዳቱ የወረወረውን ሊስትሮው ይቀልባል፣ ሊስትሮው የወረወረውን ሻይ ሻጯ ትመልሳለች። እኔም ተረብ የተማርኩት እዚሁ ነው። ባለፈው የሰማሁት አንድ መልስ ግን አላሳቀኝም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

አንዲት እናት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዋሳ በፌስታል ቋጥረው፣ የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው ቆመዋል። ልጁ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። ጫት ጎድቶት አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ሊያደርሱት ነው። ረዳቱ በደግነት «ማዘር፣ ልጁን መስኮት ጋ ላድርግልዎ፣ ንፋስ ያገኛል» አላቸው። «የለም ልጄ፣ መሃል አድርግልኝ። መስኮትም በርም አይሁን» አሉት። በአካባቢው ከነበርነው ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከኋላቸው ዶሴ የታቀፈ አንድ ሰው ቆሟል፤ ስብሰባ የሚሄድ ይመስላል። «እንዲህ ሳይብስ ቀደም ብሎ መምከር ነበር፣ እናቴ» አላቸው።

«መክሬዋለሁ የኔ ጌታ» አሉት ዘወር ብለው። «ምክር ቢያድን ኖሮ እናት ያለው ሰው አይታመምም ነበር።»

ሰውየው ዶሴውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። እኔ ግን ይህን መልስ ይዤ ወደ ባለሥልጣኖቻችን ልሄድ ወሰንኩ። ሩቅም አይደሉ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተበት ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆሳዕና ነች፤ ለዱራሜም፣ ለወልቂጤም፣ ለወራቤም፣ ለቡታጅራም፣ ለሃላባ ቁሊቶም ቢሮ ደርሷቸዋል። ቢሮ ለየከተማው የሚያካፍል መንግሥት የሱስ ሕክምናንም ማካፈል አያቅተውም።

«ጫት ይታገድ፣ ይነቀል!» የሚሉ አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፣ ብዙዎቹ የተቃጠሉ ወላጆች ናቸው። ግን ሞክሮት ያየ አለ። እንግሊዞች ዔደንን ሲገዙ በ1949 አገዱት፤ ዓመት አካባቢ ቆይተው እገዳውን መልሰው አነሱ። ሲያድ ባሬ ሶማሊያ ላይ በ1975 አገደ፤ ንግዱ ወደ ኮንትሮባንድ ዞረ እንጂ አልቆመም። ሆላንድ በ2005፣ እንግሊዝ በሰኔ 2006 ከለከሉ፤ እነሱ ገዢ ነበሩ፣ በራቸውን ዘጉ። እኛ ግን አብቃዩም፣ ሻጩም፣ ቃሚውም፣ ቀራጩም ነን። በራሳችን ላይ የምንዘጋው በር የትኛው ነው? ነገ ቢታገድስ፣ ያ ልጅ ነገ ማታ ዱካክ ሲይዘው፣ ላብ በላብ ሆኖ ከእንቅልፉ ሲባንን፣ ማን ዘንድ ይሂድ? እገዳው ለዚህ መልስ የለውም።

«ጫት እኮ የገበሬው ኑሮ ነው» የሚለው ደግሞ ሌላው ወገን ነው። እውነት ነው። እንሰት አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ነው የሚደርሰው፤ ጫት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቆረጣል። ገበሬ አይወቀስም፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በዚያ ነው። ግን ክቡራን፣ ስለ ገበሬው ማሳ ስትሟገቱ የገበሬው ልጅ የማን ሊሆን ነው? ማሳውን እንደ ሀብት ቆጥራችሁ ልጁን እንደ ነውር አትዩት። ሀብቱን ደግሞ ለራሳችሁም አውቃችሁታል። የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 767 የወጣው በ2004 ነው። የጫት ኬላ በየመንገዱ አለ፣ የውጭ ሽያጩ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባል። ከጫት የሚቀረጠው ገንዘብ በየበጀቱ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ ጫት ለጎዳው ሰው ተብሎ የተለየው የቱ ነው?

ታይላንድ በ1994 ያደረገችውን ልንገራችሁ። በመጠጥና በትምባሆ ኤክሳይዝ ላይ ከመቶ 2 ጨምራ፣ ያንን ጭማሪ ለጤና ማጎልበቻ ብቻ የሚውል ፈንድ አደረገችው። ጠጪው በገዛ ጠርሙሱ ለጤናው እንዲከፍል ሆነ። ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም፤ የደረሰኝ አቆራረጥ ነው።

«ሕግ አውጥተናል» ትላላችሁ። አውጥታችኋል፣ ጥሩም ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣልን፣ ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ማጨስን ከለከለልን። ሲጋራም አልኮልም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም ይላል። እዚሁ መናኸሪያ ኑና ሻጩን እዩት። በካርቶን ሲጋራ፣ ማስቲካና ሶፍት ደርድሮ በአንገቱ አንጠልጥሏል፣ ሲጋራውን በፍሬ ይሸጣል፤ ዕድሜው አሥራ ሁለት አይሞላም። ገዢውን መታወቂያ ይጠይቅ? ለራሱስ ማን መታወቂያ ይጠይቅለት? ከእሱ ወዲያ፣ ከመጸዳጃው ግድግዳ ሥር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ እጅጌው ውስጥ ደብቆ ማስቲሽ የሚስብ እኩያው ተኮራምቷል። ማስቲሹ ረሃብ ያስረሳል፣ ብርድ ያስረሳል፣ ስምም ያስረሳል። ለዚህ ልጅ አዋጁ ስንት አንቀጽ ቢኖረው አይሞቀውም።

«ሺሻ ቤቶችን አሽገናል፣ ዕቃውን አቃጥለናል።» ዕቃው ተቃጠለ፤ ውስጥ የነበሩት ልጆች የት ገቡ? ዕቃው የተቆጠረ ዕለት እነሱንም የቆጠረ ነበር?

አንዳንዱ ሹም ነገሩ ሲከብደው ሱሰኛውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይልከዋል። በሀዲያና በከምባታ ቃለ ሕይወቱም መካነ ኢየሱሱም መጠጥና ጫትን በመቃወም አጥብቀው ነው የሚያስተምሩት፤ ብዙ ሰው ተነሥቷል፣ ጎረቤቴን ጨምሮ። ለዚያ አመሰግናለሁ። ግን ለዓመታት በአረቄ የኖረ ሰው በአንድ ጀንበር ሲያቋርጥ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ያን ሌሊት ጸሎት ላይ ሐኪም ቢጨመር ጸሎቱን አይቀንሰውም። ፓስተሩ የሚጠይቀውም እኮ «ሐኪሙ የታለ?» ብሎ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። እናትየው የሚሳፈሩበት አውቶቡስ አዲስ አበባ ለመድረስ የሚያልፍበት ቡታጅራ አገሪቱ ስለ አእምሮ ጤና ብዙ ያወቀችበት ቦታ ነው። ከታተመ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ጥናት ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን እዚያ ጠይቆ፣ ግማሾቹ ጫት እንደሚቅሙ፣ ከመቶ 17 ያህሉም በየቀኑ እንደሚቅሙ ጽፏል። ስለዚህ «አዲስ ክስተት ነው» አትበሉኝ። እዚያው አካባቢ ሶዶ ወረዳ ላይ ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምንና የመጠጥ ሱስን እዚያው አክመው አሳይተዋል። ስፔሻሊስት እስኪመጣ አልተጠበቀም። ለጫት ሱስ ማርከሻ የሚሆን መርፌ የለም። ሕክምናው በአብዛኛው ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ እንቅልፉን ማስተካከል፣ ሥር የሰደደውን ድብርት ማከም፣ በሳምንቱ ደግሞ «እንዴት ሰነበትክ?» ማለት ነው። ይህን ለማድረግ 230 ኪሎ ሜትር መጓዝ ለምን አስፈለገ? አማኑኤል በ1930 የተከፈተ ሆስፒታል ነው፤ ለአሥርት ዓመታት የአገሩን ሁሉ ሸክም ብቻውን ተሸክሟል። ሾኔ፣ አንጋጫ፣ ዶዮገና፣ ሆመቾ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አንዳንድ የሠለጠነ ነርስና አንዳንድ በሩ የሚዘጋ ክፍል ይኑር፤ ደመወዙ ከኬላው ይምጣ። የምጠይቀው ይህንን ነው። ምርጫ ሲመጣም ለሚቀሰቅሰኝ ሁሉ የማቀርበው ይህንኑ ነው፤ ስለ ጫት ያለውን አቋም አልጠይቀውም፣ የነርሷን ስምና የክፍሉን ቁጥር ነው የምጠይቀው።

ወደ መናኸሪያው ልመለስ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ሲል ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እያንባረቀ በፊት ለፊቱ አስፋልት መጣ። ጫት ይቸኩላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ውስጡ ያለው ካቲኖን ይዳከማል፣ በሁለተኛው ቀን ዋጋ የለውም፤ ሾፌሩ የሚበርረው ለዚህ ነው። የበር ጠባቂው እጁን ዘርግቶ አውቶቡሱን አስቆመ፣ ባጃጆቹ ጥግ ያዙ፣ መንገዱ ሁሉ ተለቀቀለት።

እናትየው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩት። ልጃቸው ትከሻቸው ላይ አንቀላፍቷል።

«የኛስ ተራ መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉት ተራ አስከባሪውን።

እሱ ስለ መኪናው የጠየቁት መስሎት «አሁን ማዘር፣ አሁን» አላቸው።